ካሜራዬን ልለውጥ ወይስ ልተወው?

ባለፈው ሰኔ የመምህራን ዕቁባችን ዕጣ ለእኔ ወጣ። ዕቁብ የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ብሩን በሐሳቡ ሲመነዝር፣ ሲገዛና ሲሸጥ ይነጋበታል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የገዛሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ካሜራ ነው። ካሜራ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አንድ የሚመረቅ ጓደኛዬ የሸጠልኝ ኒኮን ዲ3300 ከነሌንሱ አለኝ። ዳሩ ግን አውሬና ሩጫ ማንሣት በጀመረ ሰው ሁሉ ላይ እንደሚደርሰው፣ ልቤ ከካሜራዬ ከሸፈተ ቈይቷል።

ልቤን ያሸፈተው ቀይ ቀበሮ ነው። በጥር ወር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከምኖርበት ከሐዋሳ ተነሥቼ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን አይቼ አደርሁ። በማግሥቱ ከጎባ በላይ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ በመኪና ወጣን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቈርጣል፤ ከጅብራው በቀር ቀና ብሎ የሚታይ ነገር የለም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በዓለም ላይ የቀረው ቊጥሩ ወደ 500 ገደማ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው በባሌ ይገኛል። ስለዚህ አንዱን ከመንገዱ ዳር 60 ሜትር ያህል ርቆ ፍልፈል ሲያደባ ባየሁት ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ። ካሜራዬን አውጥቼ ጣቴን ሳላነሣ ደጋገምሁት።

ሐዋሳ ተመልሼ ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ላይ ስዘረጋቸው አፈርሁ። ካነሣኋቸው 240 ፎቶግራፎች ውስጥ ለሰው ባሳይ የማላፍርባቸው አራት ብቻ ነበሩ። በቀሩት ላይ የዓለም ብርቅ የሆነው አውሬ በሣር መካከል የወደቀ ቀይ ጨርቅ መስሎ ይታያል። ጥፋቱን ወዲያው በካሜራው ላይ ጣልሁት። በራሴ ላይ እንዳልጥለው ያደረገኝ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የስመኘሁት ኒኮን ዲ500 የሚባለውን ነው። ይህ ካሜራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 10 ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የእኔው 5 ብቻ ነው። የማነጣጠሪያ ነጥቦቹ 153 ናቸው፤ የእኔው 11 ናቸው። ዛሬ ከፋብሪካ ስለማይወጣ የሚገኘው ከተገለገለበት ሰው እጅ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዋጋው ከስምንት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ይህ ማለት የዕቁቡን ብር በሙሉ ይጠቀልለዋል ማለት ነው። እናቴ ደግሞ የማድቤቱ ጣራ ክረምቱን እንደማይሻገር ሁለት ጊዜ ነግራኝ ነበር። ሦስተኛ እንደማትነግረኝም አውቃለሁ።

በከተማችን ሠርግ በማንሣት የታወቁ አንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ አንሺ አሉ። በፊልም ዘመን ጀምረው እስከ ዛሬ በሥራው ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ወደ ሱቃቸው ሄጄ፣

«ጋሼ፣ ዲ500 ልገዛ ነው» አልኋቸው።

«ምን ሆነህ?» አሉኝ።

«ፎቶግራፌ እየተበላሸ አስቸገረኝ።»

«እንግዲያውስ ደኅና ደኅናውን እዚያው ተወውና የተበላሹትን ብቻ ይዘህልኝ ና» አሉኝ።

እኔ የሄድሁት አራቱን ፎቶግራፎች አሳይቼ ልመሰገን ነበር። ቢሆንም 236ቱን ብልሽቶች ይዤ ተመለስሁ። ሽማግሌው ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጡኝና እያንዳንዱን እያዩ «ይኽስ ምን ሆኖ ነው የተበላሸ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ዝም ብል አያልፉኝም። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ተማሪ ስመልስ ቈይቼ፣ መጨረሻ ላይ በወረቀት የጻፍሁት ቊጥር እንዲህ ወጣ። በ131ዱ ቀበሮው እጅግ ትንሽ ነው። 52ቱ እጄ በመንቀጥቀጡ ወይም መዝጊያው በመዘግየቱ የደበዘዙ ናቸው። በ31ዱ ካሜራው ቀበሮውን ትቶ ከፊቱ ባለው ሣር ላይ አነጣጥሯል። የቀሩት 22 ፀሐይ ከራስ በላይ ወጥታ ሳለ በማንሣቴ የተበላሹ ናቸው።

«በል እንግዲህ፣ አዲሱ ካሜራ ከእነዚህ የትኛውን ያድንልሃል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ማታ ከፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ግን ሒሳቡን በናፕኪን ላይ ሠራነው፤ ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም እዚህ ላይ እደግመዋለሁ።

የቀይ ቀበሮ ሰውነት ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። የእኔ ሌንስ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ድረስ ይስባል። 60 ሜትር ለ200 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 300 ይሆናል፤ ስለዚህ ቀበሮው በካሜራው ውስጥ 300 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ይሣላል፤ ይኸውም 3 ሚሊ ሜትር ከሢሶ ነው። በፊልም ፈንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ወርዱ 23.5 ሚሊ ሜትር ነውና፣ ቀበሮው ከፎቶግራፉ ወርድ አንድ ሰባተኛውን ብቻ ይይዛል ማለት ነው። አሁን ዲ500ን ገዛሁ እንበል። የእርሱም ሴንሰር ወርዱ ያው 23.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱም ያው የእኔው ነው፤ ቀበሮውም ያው 3 ሚሊ ሜትር ከሢሶ ነው። ይባስ ብሎ የእኔ አሮጌ ካሜራ 24.2 ሜጋ ፒክሰል ሲኖረው ዲ500 ያለው 20.9 ነው። የስምንት ወር ደመወዜን ከፍዬ የማገኘው ቀበሮ አሁን ካለኝ ቀበሮ እንኳን ሊያድግ በመጠኑ ያንሳል!

ጓደኛዬ በዚህ እጅግ ሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ በሐሳቤ ብሩን ከፍዬው ነበርና።

ሒሳቡን ስንቀጥል ሌላ ነገር አየን። ያው ካሜራ 300 ሚሊ ሜትር የሚስብ ሌንስ ቢደረግለት ቀበሮው 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የፎቶግራፉን ወርድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ቀበሮው 30 ሜትር ድረስ ቢቀርብ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከወርዱ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ርቀት የሚቀነሰው ግን በገንዘብ አይደለም፤ በትዕግሥት ነው። አውሬው ወደ ሰው እንዲመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል እንጂ ሰው ወደ አውሬው ቢሮጥ ርቀቱ የሚጨምር ነው።

ይህን ነገር ፈረንጆቹ ቀድመው ደርሰውበታል። ጆርጅ ሺራስ የሚባለው አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት በሌሊት ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ በባሩድ ብልጭታ አጋዘን ያነሣ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ 1906 ዓ.ም. ከፎቶግራፎቹ 74ቱን በአንድ ጊዜ አትሞለታል። የእርሱ ካሜራ በዛሬ ተማሪ ኪስ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን አጋዘኖቹ ውኃ የሚጠጡበትን ቦታና ሰዓት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ስለ 52ቱ ድብዛዜም ጥቂት ልናገር። አሥር ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ የሚጨርስ ሯጭ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 6 ሜትር ያህል ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለሰከንድ አንድ ስድሳኛ ተከፍቶ ቢዘጋ፣ ሯጩ በዚያች ቅጽበት 10 ሳንቲ ሜትር ተጉዟል፤ ፊቱ እንደ ጢስ ይሆናል። መዝጊያው ለሰከንድ አንድ ሺሕኛ ብቻ ቢከፈት ግን የሄደው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። አንድ ሺሕኛን የእኔም ካሜራ ይችላል፤ አራት ሺሕኛም ይደርሳል። ሳነቴ ላይ ግን ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ ትቼው ኖሮ በሁለት መቶኛ ሲያነሣ ውሏል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ 12 ካሜራ በሩጫ ሜዳ ዳር ደርድሮ፣ ፈረሱ እየበጠሰ በሚያልፈው ክር መዝጊያቸውን እያስከፈተ፣ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚነሡ አስመስክሯል። እኔ በአንድ ሰከንድ 5 የሚያነሣ ማሽን ይዤ አንዲት ቊልፍ ማዞር አቃተኝ።

እንግዲህ የቀረው 31ዱ ነው፤ ካሜራው ሣሩን ወድዶ ቀበሮውን የተወበት። ይህ በእርግጥ የካሜራው ነገር ነው። ሽማግሌው አንድ ቅዳሜ የራሳቸውን ዲ500 አዋሱኝ። «ብትሰብረው የልጄን ሠርግ ታነሣለህ» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። ጧት ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤ የዓሣ ንስሩ ከዛፉ ተነሥቶ ወደ ውኃው ሲወርድ በሁለቱም ካሜራ ሞከርሁ። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታችን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ከግቡ ጀርባ ቆምሁ።

እውነቱን መናገር ይገባኛል። በኳሱ ሜዳ ላይ ሁለቱ ካሜራዎች አይገናኙም። የእኔው ኳስ የሚመታውን ልጅ ይይዝና ሌላ ልጅ በመካከል ሲያልፍ ይጥለዋል፤ ዲ500 ግን እንደ ያዘው ይከተለዋል። በንስሩም እንደዚሁ ነው፤ ወፉ በሰማይ ላይ ሳለ ሁለቱም ያገኙታል፤ ከዛፎቹ ፊት ሲያልፍ ግን የእኔው ዛፉን ያነጣጥራል። ሠርግ፣ ኳስና ሩጫ አንሥቶ በዚያ ለሚኖር ሰው ነገሩ የሚያጠራጥር አይደለም፤ ይግዛ። ከዲ500 በኋላ የመጡት መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። በ2022 ዓ.ም. የወጣው ካነን አር 7 የእንስሳውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያነጣጥራል፤ በሰከንድም 15 ያነሣል። ድሮ በእጅ ልምድ የሚገኝ የነበረው ነገር ዛሬ በማሽኑ ውስጥ መግባቱን አልክድም። ቢሆንም በእኔ ብልሽት ውስጥ የዚህ ድርሻ 31 ነው፤ ከ236።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሻጩን መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ይጠይቅ። የዲ500 መዝጊያ 200,000 ጊዜ፣ የዲ3300 ደግሞ 100,000 ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኖ የወጣ ነው። ቊጥሩ በፎቶግራፉ ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ በኮምፒዩተር ማየት ይቻላል። አንድ ደላላ «ብዙም አልተነካም» ብሎ ያሳየኝ ካሜራ 180,000 አልፎ ነበር።

ሐሳቤ በዚህ ተቈረጠ። ካሜራውን አልለወጥሁም። እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚስብና የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ያገለገለ ሌንስ ገዛሁ። ከተረፈው ለማድቤቱ ጣራ ቆርቆሮና ሚስማር ላክሁ፤ የቀረችውንም ለሁለተኛ ጉዞ አስቀመጥሁ። እናቴ ለምን ዕቃ እንዳልገዛሁ በስልክ ጠየቀችኝ፤ ሒሳቡን ላስረዳት ሞክሬ ተውሁት።

በኅዳር ወር ሳነቴ ላይ ሁለት ቀን ዋልሁ። በዚህ ጊዜ መኪናችንን አንቀሳቀስን ብንል ሦስት ጊዜ ነው። ጧት ፀሐይ ሳትበረታ የፍልፈል ጒድጓድ የበዛበትን መስክ መረጥንና በመንገዱ ዳር ሞተሩን አጥፍተን ተቀመጥን። ካሜራዬን በመስኮቱ ላይ ባኖርሁት በባቄላ ከረጢት ላይ አስደገፍሁት፤ መዝጊያውን በአንድ ሺሕኛ አሰርሁት፤ ብርዱ ባትሪውን ስለሚያደክመው ሁለተኛውን በብብቴ ያዝሁ። የመጀመሪያው ቀን በባዶ አለፈ። ሾፌሩ አንድ ሙሉ ጋዜጣ እስከ ማስታወቂያው አነበበ። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ቀበሮ ከጅብራዎቹ በስተጀርባ ወጣችና እኛን ከቁም ነገር ሳትቈጥር ወደ ጒድጓዶቹ መጣች። 25 ሜትር ያህል ሲቀራት ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ቆመች። ጆሮዋ ወደ ፊት ዞረ። እኔም ትንፋሼን ያዝሁ።

ቆማ ሳለች ያነሣኋቸው ዘጠኝ ፎቶግራፎች ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የጢሟ ፀጉር እንኳ ይቈጠራል። ከዚያ ተወርውራ ፍልፈሉን ስትይዝ ያነሣኋቸው ሰባቱ ግን ሣሩ ጥርት ብሎ ቀበሮዋ የደበዘዘችባቸው ናቸው። ሽማግሌው ሁሉንም አዩና ዘጠኙን ወደ ጎን ትተው ሰባቱን ብቻ ደጋግመው ተመለከቷቸው።

«እነዚህን ዲ500 ያድናቸው ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

አዲሱ ዕቁባችን በዚህ ወር ተጀምሯል። አባሎቹ ሃያ ነን፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልኝ አይታወቅም። እስከዚያው ከቅዳሜ ጨዋታ በኋላ የተበላሹትን እየለየሁ በደብተር እጽፋለሁ።