አንዱ ሰርተፊኬት በሁለት አጻጻፍ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ምን አገባው እንዳትሉኝ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በኮምፒዩተር ለተፈረመ ሰነድ በሕግ ፊት ዋጋ ሰጥቶታል። እንዲህ የተፈረመ መግለጫ በእጃችን ሲገባ የፈራሚውን ማንነት የምናጣራው በዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። በውስጡ የባለቤቱ ስም፣ ለሕዝብ የሚሰጠው ቁልፍና የሰጪው ድርጅት ፊርማ አሉ። የሰጪዎቹ የበላይ በአዋጁ መሠረት ኢንሳ ነው።

ጣጣው አጻጻፉ ላይ ነው። የእኛ ከተማ ስም፣ ከሚሴ፣ በፊደልም በቁቤም ይጻፋል፤ ከተማዋ ግን ያችው ናት። ሰርተፊኬትም እንደዚያው ነው። «ደር» የሚባለው አጻጻፍ ጥሬ ባይት ስለሆነ በኖትፓድ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። «ፔም» ያንኑ ደር በቤዝ 64 ወደ ላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ይለውጠዋል። 3 ባይት 4 ምልክት ስለሚሆን ፋይሉ ይወፍራል፤ ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በኢሜል ይሄዳል።

ታዲያ ፕሮግራሙ በምን ይለያቸው? ብዙ ጀማሪ የፋይሉን ቅጥያ ያያል። አያዋጣም! ቅጥያው «ሲ አር ቲ» የሆነ ፋይል ደርም ፔምም ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ውስጡ ነው። ፔም በ5 ሰረዝ ይጀምራል። (የድሮው ኖትፓድ በዩቲኤፍ 8 ሲያስቀምጥ ከፊት 3 የማይታዩ ባይቶች ይጨምር ስለነበር እነሱን መዝለል ነው።) የደር የመጀመሪያ ባይት በሄክሳዴሲማል 30 ነው፤ ብዙውን ጊዜ 82 ይከተለዋል። የፔም ሁለተኛ መስመር ሁሌም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ኤም አይ አይ» ብሎ የሚጀምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ካላመናችሁ አንዱን ከፍታችሁ እዩት።

ነገር ግን 30 አይቶ መደምደምም አይበቃም። «ፒኬሲኤስ 12» የሚባለው ፋይልም በ30 ይጀምራል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የግል ቁልፉንም አብሮ ይዟል። በቢሮ ቋንቋ ልናገርና፣ ሰርተፊኬት የማኅተም ናሙና ነው፣ ለማንም ቢታይ ግድ የለም። የግል ቁልፍ ግን ራሱ ማኅተሙ ነው። «ሰርተፊኬትህን ላክ» የተባለ ሰው ይህን ፋይል ከነይለፍ ቃሉ በቴሌግራም ቢልክ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ አስረከበ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፋይሉን እንደ ሰርተፊኬት ለማንበብ ይሞክር፤ ፒኬሲኤስ 12 ሆኖ ካገኘውና ሥራው ማጣራት ብቻ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት የይለፍ ቃል መጠየቅ የለበትም። «ይህ ፋይል የግል ቁልፍ ሊይዝ ይችላል፣ ሰርተፊኬቱን ብቻ ይላኩ» ብሎ ይመልሰው።