የቡድን ደረጃና የመንጋ ደረጃ፤ ከመዝጊያው ቀን በፊት ስለሚደረግ ውሳኔ

በደቡብ ቆላ ከተሞች፣ ማለት በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በዱብሉክና በሞያሌ፣ የከብት ገበያ ሲውል የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ወራት ገዢው ይበዛል፤ ሻጩ ያንሳል። በጋው ሲጠናና ሣሩ ሲያልቅ ግን ሻጩ ይበዛል፤ ገዢው ያንሳል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ታዲያ ከብት አርቢው ዋጋው ሳይወድቅ አስቀድሞ ስለ ምን አይሸጥም? ይህ ጥያቄ በተማሪዎችም በሠራተኞችም ዘንድ ዘወትር ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም መልስ «አርቢው ከብቱን ከገንዘብ አብልጦ ስለሚወድ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ መልስ በቂ ሆኖ አላገኘነውም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የመሸጥና ያለመሸጥ ውሳኔ በፍቅር ብቻ ሳይሆን ወሳኙ በቆመበት ደረጃ የሚመራ መሆኑን ነው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ከሩቅ አገር እንወስዳለን፤ ይኸውም ኤን ቢ ኤ በሚባለው የሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በየዓመቱ የሚደረገው የተጫዋቾች ልውውጥ ነው። በዚያ ደረጃው በቁጥር የተጻፈ፣ የመዝጊያውም ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ በቆላው ገበያ ተሸፍኖ የሚታየውን አሳብ ገልጦ ያሳየናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የውድድሩ ደንብ

ማኅበሩ 30 ቡድኖች ሲኖሩት፣ በምሥራቅና በምዕራብ 15፣ 15 ሆነው ተከፍለዋል። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ ይጫወታል። የጨዋታው ዘመን ከተጋመሰ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ ወር መጀመሪያ፣ ልውውጥ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በ2025 ይህ ቀን ፌብሩዋሪ 6 ነበር። ከዚያ ሰዓት በኋላ አንድ ቡድን ተጫዋቹን ከሌላው ቡድን ጋር ሊለዋወጥ አይችልም። ስለዚህ የቡድኑ ሹማምንት ያላቸውን ነገር በሙሉ መዝነው መወሰን የሚገባቸው ከዚያ ቀን በፊት ነው።

ሲመዝኑ ሁለት በሮች ይታዩዋቸዋል። የመጀመሪያው የዋንጫው በር ነው፤ ከየወገኑ እስከ 6ኛ የወጡት በቀጥታ ይገባሉ፤ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ደግሞ ለቀሩት ሁለት ቦታዎች በአጭር ማጣሪያ ይጋጠማሉ። ይህ ማጣሪያ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ2020–21 ነው። ሁለተኛው የወደፊቱ ተስፋ በር ነው፤ ለዋንጫው ያልደረሱት 14 ቡድኖች በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡትን ወጣት ተጫዋቾች ለመምረጥ ዕጣ ይጣልላቸዋል። ቀድሞ የመጨረሻው ቡድን ብቻውን ከመቶ 25 ዕድል ነበረው፤ በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ግን የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እኩል ከመቶ 14 እንዲኖራቸው ተደረገ። የዚህም አሳብ ቡድኖች ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ለማድረግ ነው።

ለ. ሦስቱ ደረጃዎች

ከላይ የቆመ ቡድን ዛሬን ይገዛል፤ ዋጋውንም ከነገ ይከፍላል። በ2019 ቶሮንቶ ራፕተርስ ከምሥራቁ ወገን መሪዎች አንዱ ነበር። በመዝጊያው ቀን ማርክ ጋሶልን ከሜምፊስ ግሪዝሊስ ወሰደ፤ በምትኩም ሦስት ተጫዋቾችና ወደፊት አንድ ወጣት የመምረጥ መብት ሰጠ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ቶሮንቶ ዋንጫውን አነሣ።

ከታች የቆመ ቡድን ይህንኑ ይገለብጠዋል፤ ነገን ይገዛል፤ ዋጋውንም ከዛሬ ይከፍላል። ለሜምፊስ የ34 ዓመቱ ጋሶል፣ ምንም እንኳ የቡድኑ መከታ ሆኖ የኖረ ቢሆን፣ በዚያ ዓመት ዋንጫ ሊያስገኝለት አይችልም ነበር። አንዱ ተጫዋች ለሁለቱ ቡድኖች ዋጋው የተለያየው ደረጃቸው ስለተለያየ ነው። ልውውጥ ሊኖር የቻለውም ስለዚሁ ነው።

የሚያስቸግረው የመካከለኛው ቡድን ጉዳይ ነው። ቺካጎ ቡልስ በ2023ም በ2024ም የመዝጊያው ቀን ሲደርስ አንድም ልውውጥ ሳያደርግ አሳለፈ። በመጀመሪያው ዓመት 40 አሸንፎ 42 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 39 አሸንፎ 43 ተሸነፈ፤ በሁለቱም ዓመት በማጣሪያው ቀረ። ብዙ ሰዎች ነቅፈውታል። ነገር ግን በዚያው በ2023 ማያሚ ሂት በማጣሪያው ያንኑ ቺካጎን አሸንፎ በ8ኛነት ከገባ በኋላ እስከ ዋንጫው ጨዋታ ደርሶአል። እንግዲህ በመካከል የቆመ ሰው የሚጠብቀው ነገር ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ መጠበቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ዘግይቶ የሚታይ ነው።

ሐ. የቦረናው መንጋ

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ። በቦረና ዋናው ዝናብ «ገና» የሚባለው ሲሆን፣ ከማርች እስከ ሜይ ይዘንባል፤ ትንሹ ዝናብ «ሀገያ» በሴፕቴምበርና በኖቬምበር መካከል ይመጣል። ከሀገያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ «ቦና» ይባላል። አርቢው የትኛው ከብት እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደሚቀር መወሰን የሚገባው ቦናው ሳይጠና ነው። የመዝጊያውን ቀን ግን ማንም አያውጅለትም፤ ያ ቀን ማለፉ የሚታወቀው ከብቱ ከስቶ ወደ ገበያ መሄድ ሲያቅተው ነው።

የመንጋም ደረጃ አለው። የቦረና አርቢዎችን የ17 ዓመት የከብት ታሪክ መርምሮ በ2004 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወደ 15 ከብት ገደማ ላይ አንድ ወሰን አለ። ከዚህ ወሰን በላይ ያለ ቤተሰብ መንጋውን ከፍሎ፣ የሚታለቡትን «ወራ» በሰፈር አስቀርቶ፣ ሌሎቹን «ፎራ» አድርጎ ሣርና ውኃ ወዳለበት ሩቅ ስፍራ ሊልክ ይችላል፤ ስለዚህ ከጉዳት በኋላም መንጋው መልሶ ይራባል። ከወሰኑ በታች የወረደው ግን ለቤተሰቡ ወተት ሲል ጥቂቶቹን ከብቶች በሰፈር ያቆያቸዋል፤ በሰፈር ያለው ሣር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እንዲህ እያለ ቁልቁል ይሄዳል።

ይህን ከያዝን የሦስቱን አርቢዎች አሳብ እንረዳለን። እንደ ምሳሌ 60፣ 17 እና 4 ከብት ያላቸውን ሦስት አባወራዎች እናስብ። 60 ያለው ሰው አሥር ወይፈንና መካን ላም አስቀድሞ ቢሸጥ ከወሰኑ አይወርድም። መሸጥ የሚቻለው እርሱ ነው፤ ነገር ግን የሚያስገድደው ችግር ስለሌለ ብዙ ጊዜ አይቸኩልም። 17 ያለው ሰው ሦስት ቢሸጥ ከወሰኑ በታች መውረዱ የተረጋገጠ ነው፤ ባይሸጥ ግን ዝናብ ሊመጣለት ይችላል። ስለዚህ እንደ ቺካጎ ይጠብቃል። 4 ያለው ሰው ደግሞ በዕቅድ አይሸጥም፤ እህል ሲያልቅበት፣ ሁሉም በሚሸጥበት ቀን፣ በወደቀ ዋጋ ይሸጣል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ከተማ ዳር ወጥቶ እንጨት ለቅሞ ወይም በቀን ሥራ ይኖራል። እንግዲህ ሦስቱም በየደረጃቸው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ «አላዋቂ» የሚያሰኛቸው ነገር የለም።

ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በቦረና በ1983–85፣ በ1991–93 እና በ1998–99 መንጋዎች በብዛት አልቀዋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው፣ ከወሰኑ በላይ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

መ. ምሳሌው የማይገጥምባቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ ከብት አይደለም። ያለ ፈቃዱ ከከተማ ወደ ከተማ መዛወሩ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እኛ ያነጻጸርነው የወሳኞቹን ውሳኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በቅርጫት ኳሱ በአንድ ጊዜ ሁሉም ሻጭ አይሆንም። ከ30 ቡድኖች 20ው እስከ ማጣሪያው ድረስ ስለሚደርሱ ሻጭ ያንሳል፤ የሚሸጥም ተጫዋች ዋጋው ይወደዳል። ድርቅ ግን የሁሉንም ደረጃ ባንድነት ስለሚያወርድ ሁሉንም ሻጭ ያደርጋል።

ሦስተኛውና ዋናው ልዩነት የወደቀውን የሚቀበለው ሥርዓት ነው። ዳላስ ማቭሪክስ በ2024 ለዋንጫው ጨዋታ ደርሶ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ገና የ25 ዓመት ወጣት የነበረውን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ በዋናነት አንቶኒ ዴቪስን ወሰደ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 39 አሸንፎ 43 ተሸንፎ በማጣሪያው ወደቀ። ሆኖም ከመቶ 1.8 ብቻ በሆነ ዕድል የመጀመሪያው ዕጣ ወጣለትና ኩፐር ፍላግን መረጠ። ከብቱ ላለቀበት አርቢ እንዲህ ያለ ዕጣ አይወጣለትም። ያለው «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባለው የጎሳው መረዳጃ ነው፤ በዚህም ሥርዓት በድርቅ ወይም በዘረፋ ከብቱን ያጣ ሰው ከዘመዶቹ ከብት ተሰጥቶት እንደገና ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ድርቁ ሰጪውንም ተቀባዩንም ባንድነት ሲመታ የሚሰጥ ይጠፋል።

ሠ. ከዚህ የምናገኘው

«አስቀድማችሁ ሽጡ» የሚለው ምክር ለሁሉም ደረጃ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ብዙ ከብት ላለው የሚያስፈልገው ክረምትና በጋ የማይቋረጥ ገበያ፣ ገንዘቡንም የሚያስቀምጥበት የቅርብ ባንክ ነው። በ2006ቱ ድርቅ በሞያሌ አካባቢ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው፤ ነጋዴዎች በዕርዳታ ድርጅት አገናኝነት ገብተው ወደ 20,000 ገደማ ከብት፣ በጠቅላላው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ፣ ገዙ። ሻጮቹም በገንዘቡ እህል ከመሸመት በላይ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙበት፤ ወደ ተሻለ ግጦሽም በመኪና አጓጓዙበት። ጥቂቱን ሰጥተው ዋናውን አዳኑ ማለት ነው።

በወሰኑ አጠገብ ላለው አርቢ ደግሞ የሚያስፈልገው ወሰኑን ሳይለቅ ቦናውን የሚያሻግረው ነገር ነው። በ2012 በቦረና የተጀመረው፣ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየተመለከተ የሚከፍለው የከብት ኢንሹራንስ ለዚህ ሰው ሊረዳ ይችላል፤ ይኸውም ክፍያው ከብቱ ከሞተ በኋላ ሳይሆን መኖ ለመግዛት በሚያስችል ጊዜ ከደረሰው ነው። ከወሰኑ በታች ለወረደው ግን አንድ ወይም ሁለት ላም መስጠት አይበቃም፤ ወይ እስከ ወሰኑ የሚያደርስ ከብት፣ ወይም በከተማው ሌላ የመተዳደሪያ ሥራ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በነገሌም ሆነ በሞያሌ ገበያ የከሳ ላም እየነዳ የመጣ ሰው ስናይ፣ «ለምን ዘገየ?» ከማለታችን በፊት «ስንት ከብት ነበረው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ለጥናትም ለዕርዳታም የተሻለ መነሻ እናገኛለን።