ቦታውን የማይለቅ ውሻ

ከጅጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ በካራማራ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ መንደር ለመሠረተ ትምህርት ሥራ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። ቀን ደግሞ ገበሬው አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ውሻ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የሁለት በጎች መጥፋት ነው።

በጅጅጋ ሜዳ ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ያመርታል። ከእርሻው ጋር ግመል፣ ከብት፣ ፍየልና በግ ያረባል። በጉ ገላው ነጭ፣ ራሱ ጥቁር የሆነው የሶማሌ በግ ነው። ሲመሽ መንጋው በእሾህ አጥር ውስጥ ይገባል። የሌሊቱ ጠላት ጅብ ነው።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። «አዴር» እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። እሳቸው «መዓሊን» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። ለበረታቸው ጥበቃ ያመጡት አንድ ጎረምሳ ውሻ አላቸው። እኔ ከተማ ያደግሁ ስለሆንኩ ውሻ ሲሮጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ቀበሮ ባየ ቁጥር «በለው! ያዘው!» እያልኩ እልከዋለሁ። ሮጦ ሲመለስ አጥንት እሰጠዋለሁ። ጎበዝ ያደረግሁት መስሎኝ ነበር።

ጨረቃ በሌለችበት አንድ ሌሊት ከመንደሩ በታች ጅብ ጮኸ። ውሻው እንደ ልማዱ ተፈትልኮ ሄደ። ጩኸቱ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል። እኔም በተኛሁበት «ጎሽ!» አልኩ። በዚያው ሰዓት ሌሎች ጅቦች በላይ በኩል አጥሩ የሳሳበትን ጥሰው ገቡ። ሲነጋ አንዷ በግ የለችም። ሌላዋ እርጉዝ ነበረች፤ ተዘልዝላ ሞታ ተገኘች። ውሻው ረፋድ ላይ እያነከሰ መጣና በባዶው አጥር ዙሪያ ይጮህ ጀመር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረት በእኛ ደረሰ።

አዴር አልተቆጡም። ውሻውን አዩ፣ እኔን አዩ። «መዓሊን፣ ይህ ውሻ ፈሪ አይደለም። ቦታውን ግን አያውቅም። ማን አስተማረው?» አሉኝ። ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ስነግራቸው «አውቄያለሁ» አሉ። «ያበላሸ ሰው ማስተካከልም ይችላል» ብለው መጥረቢያ ሰጡኝ። መጀመሪያ እሾህ ቆርጠን አጥሩን ጠገንን። ቀጥለን ወደ ውሻው ዞርን።

የጠባቂ ውሻ ሥራው ምንድን ነው?

ጎልማሳ ጅብ 50 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። መንጋጋው አጥንት ይሰብራል። ውሻ ብቻውን ገጥሞ አያሸንፈውም። ስለዚህ የውሻው ሥራ ጅብ መግደል አይደለም። ሥራው ከመንጋው ሳይለይ መጮህ ነው። ሲጮህ ሰው ይነቃል። ሰው ባትሪና ዱላ ይዞ ሲወጣ ጅብ ይሸሻል። ጅብ ተከትሎ የሮጠ ውሻ ግን በሩን ክፍት ትቶ እንደሄደ ዘበኛ ነው።

በአካባቢው ብዙ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ውሻን ከቤቱ ያርቃል። የውሻ ለሃጭ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። አዴር እንዳስረዱኝ ለመንጋ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። የእሳቸው ውሻ ቤት አይገባም፤ የሚበላበት ዕቃም የራሱ ነው። ቀጥለው በቁርዓን የሚነገረውን የዋሻውን ሰዎች ታሪክ አነሱልኝ። ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ በዋሻው ደጃፍ ተኝቶ ነበር። «ያ ውሻ ማንንም አላባረረም። ቦታውን ያዘ። እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚህ ነው» አሉኝ። እኛም በረቱ ደጃፍ ላይ ሥራ ጀመርን።

እንዴት አስተማርነው?

አንደኛ፣ ቦታውን መረጥን። ከበረቱ በር አጠገብ አሮጌ ጆንያ አነጠፍን። ውሻ «ቦታህ» ሲባል የሚያየውና የሚያሸተው ነገር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ወደ ቦታው መሄድን አስለመድነው። ከጆንያው ሁለት እርምጃ ርቀን ቆምንና ትንሽ ሥጋ ጆንያው ላይ ጣልን። ሊበላ ሲረግጠው «ቦታህ!» አልን። ደጋግመን ካስለመድነው በኋላ ቃሉን አስቀደምን፣ ሥጋውን አስከተልን። ከዚያ ከአምስት እርምጃ፣ ከአሥር እርምጃ፣ በመጨረሻም ከቤቱ ደጃፍ ላክነው።

ሦስተኛ፣ መቆየትን አስተማርነው። ጆንያው ላይ ሲተኛ አዴር በሶማሊኛ «ጆግ!» ይሉታል፤ ቆይ ማለት ነው። እስከ አምስት ቆጥረን ሥጋ ሰጠነው። ቀጥሎ እስከ አሥር፣ ቀጥሎ እስከ ሠላሳ ቆጠርን። ይህን ሲለምድ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያልን ራቅንበት። ጊዜውንና ርቀቱን ግን በአንድ ጊዜ አልጨመርንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቦታው አንጠራውም፤ እኛው ተመልሰን እዚያው እንሰጠዋለን። አለዚያ የሚማረው መቆየትን ሳይሆን ወደ እኛ መሮጥን ነው።

አራተኛ፣ መፍቻ ቃል አበጀን። «በቃ!» ካልተባለ አይነሳም። ይህን ቃል ሳንናገር ትተነው ከሄድን ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ውሻው በራሱ ፈቃድ መነሳትን ይለምዳል።

አምስተኛ፣ በፈተና አለማመድነው። መጀመሪያ በግ በፊቱ አሳለፍን። ቀጥሎ ልጆች ሮጡ። መጨረሻ ላይ በጨለማ ሞከርን።

ቦታውን ሲለቅ አልመታነውም። ዝም ብለን ወደ ጆንያው መለስነውና ሥራውን አቀለልንለት። የተመታ ውሻ ቦታውን ይጠላል፤ የሚጠላውን ቦታ ደግሞ አይጠብቅም። ሽልማቱም ወዲያው መሰጠት አለበት። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ ስለ ምግብ መፈጨት ሲያጠና ውሾቹ ሥጋውን ሳያዩ፣ ምግብ አቅራቢውን ገና ሲያዩ ለሃጫቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። ውሻ ተከታትለው የሚመጡ ነገሮችን ያያይዛል ማለት ነው። ሥጋው ከዘገየ ከምን ጋር እንደሚያያይዘው አታውቁም።

እኔ ቸኩዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ውሻውን ጆንያው ላይ ትቼ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ወዲያው ተከትሎኝ መጣ። አዴር ሳቁና «መዓሊን፣ ሀ ሁን ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል?» አሉኝ። በራሴ ትምህርት አረሙኝ። ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንድንሠራ ተስማማን። ሌላም ነገር ተማርኩ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል መያዝ አለበት። አባት «ጆግ» እያለ ልጅ «ና» ካለው ውሻው ግራ ይጋባል።

ቡችላ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በናሚቢያ ከፈረንጆች 1994 ጀምሮ ከቱርክ አገር ዝርያ የሆኑ ጠባቂ ውሾች መንጋን ከአቦ ሸማኔ እንዲጠብቁ ለገበሬዎች ይታደላሉ። ቡችላዎቹ ከሕፃንነታቸው ከፍየልና ከበግ ጋር ያድጋሉ። መንጋውን እንደ ዘመድ ስለሚያዩት ርቀው አይሄዱም። እኛም ቡችላውን ገና ከእናቱ ሲለይ ከበረቱ አጠገብ ብናሳድገው ነገሩ ይቀላል።

አንድ ማሳሰቢያ

ውሻ የያዘ ሰው የእብድ ውሻ በሽታን ማወቅ አለበት። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አሁን ሁለት ወር ሆኖናል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ጅብ በታች በኩል ጮኸ። ልቤ መታ። ውሻው ተነሳ፣ ጥቂት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ። ከዚያ ወደ ጆንያው ተመልሶ ሳያቋርጥ ጮኸ። አዴርና እኔ ባትሪ ይዘን ስንወጣ በላይ በኩል፣ በጠገንነው አጥር አጠገብ፣ ሁለት ጅብ ሲሸሽ አየን። በጎቹን ቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም። አዴር ለውሻው ሥጋ ሰጡትና «በቃ!» አሉት። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም። የሞተችው እርጉዝ በግ ትዝ አለችኝ።

እናንተስ ውሻችሁን እንዴት ታስተምራላችሁ? አሁን መጻፍ ችላችኋልና በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ ላኩልን። የአንዱ መንደር ጥፋት ለሌላው መማሪያ ይሁን።