እንግዳችን በሶማሌ ተራ

ከክፍለ ሀገር ወይም ከባሕር ማዶ ዘመድ በመጣ ጊዜ፥ ባለቤቱ «ምን እናሳየው?» ብሎ መጨነቁ የታወቀ ነው። ወይዘሮይቱ ሙዚየሙን ታነሣለች፤ ልጆቹ ኬክ ቤቱን ይመርጣሉ። እኛ ግን አዲስ አበባን በእውነት ሊያውቅ የሚሻ እንግዳ አንድ ቀን በመርካቶ፥ ከመርካቶም በሶማሌ ተራ ይዋል እንላለን። ምክራችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ሳይሆንባቸው አይቀርም፤ ሶማሌ ተራ ሽቱና ሐር የሚገኝበት ሳይሆን፥ ባገለገለ የአውቶሞቢል መለዋወጫ ስሙ የተጠራ ሰፈር ነውና።

አስቀድሞ የከተማው ትልቁ ገበያ አራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች የሚነግሩን ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማውን በያዘ ጊዜ አራዳን ለነጮች መኖሪያና መነገጃ አስቦ፥ አገሬውን ከነገበያው ወደ ምዕራብ ገፋው። አዲሱንም ስፍራ በቋንቋው «መርካቶ»፥ ማለት ገበያ አለው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ለመለያየት የታሰበው ገበያ ግን የአገሩን ሕዝብ ሁሉ ከየማዕዘኑ የሚሰበስብ ሆኖ ቀረ። ስሙም አልተለወጠ።

የስሙ ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ በሶማሌ ተራ ሱቆች ፊት ለፊት ቆሞ የሚነገረውን ያዳመጠ ሰው ሌላም ነገር ይሰማል። ባለሱቁ ጎማ፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ኮፋኖ፥ ፓራፋንጎ እያለ ሲጠራ፥ ቃላቱ ከጣሊያን የመጡ መሆናቸውን ሳያስብ ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ በመጣች ጊዜ ለእያንዳንዱ ብልቷ ስም የሚያወጣ አልነበረም፤ ኋላ ግን መካኒኮቻችን ሙያውን ከነስሙ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ከውጭ አገር ለመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

ሱቆቹ ጠባቦች ናቸው። ከጣራ እስከ ወለል በር በበር ላይ ተደርቦ፥ መብራት በመብራት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሞተሩ ዘይቱን እያንጠባጠበ በደጃፍ ይቀመጣል። ለማያውቅ ሰው የብረት ክምር ነው። ባለሱቁ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተፈለገውን እጁን ሰዶ ያወጣል። ስለዚህ እንግዳው የሚገዛ ቢሆን የተሰበረውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ይሂድ፤ በቃል ከማስረዳት ይህ ይሻላል። ደግ ነጋዴ የገጠመው እንደ ሆነ፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ «ጋሼ፥ ይህ ከላይ ቢመስልም ጥርሱ አይገጥምም፤ ገንዘብዎን አያባክኑ» ይለዋል። እንዲህ ያለውን ነጋዴ ያገኘ ሰው ሱቁን ለልጁ ጭምር ያወርሳል፤ በመርካቶ ደንበኛ ማለት ይህ ነው።

የማይገቡ ነገሮችም አሉ። በከተማችን «ስፖኪዮህ ከተሰረቀ ሶማሌ ተራ ሄደህ ራስህ ግዛው» የሚል ቀልድ ከተለመደ ቆይቷል። ቀልዱ ጨዋውን ነጋዴ ሁሉ ከሌባ ጋር ስለሚደምር አንወደውም፤ ዳሩ ግን ከንቱ ነው ብለን ልንተወውም አንችልም። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ መስተዋት በርካሽ የሚገዛ ሰው፥ ነገ የጎረቤቱ፥ ከነገ ወዲያ የራሱ መኪና እንዲገፈፍ ዋጋ ይከፍላል። በመንገድ ላይ እጅ የሚይዘውን ደላላ ትቶ ወደ ቋሚ ሱቅ መግባት፥ ደረሰኝም መጠየቅ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሌላ አሳብ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም። ታዲያ ሶማሌ ተራ ምን ይሆናል? በእኛ አስተያየት ጉዳዩ ሁለት ፊት አለው። አሮጌው መኪና ተተኪ ስላጣ ባለቤቱ እያደሰ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለጊዜው ገዢ አይጠፋም። በእጁ ዳስሶ የሞተሩን ዕድሜ የሚያውቀው ሰው ግን ይህን ዕውቀቱን ለልጁ ቢያስተምር፥ ልጁ ምን ያህል ዘመን እንደሚሠራበት እንጃ።

ወንዶቹ በብረት መካከል ሲዘገዩ፥ ወይዛዝርቱ በሳጥን ተራና በሸማ ተራ ቢመላለሱ መልካም ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ቤተ ሰብ ጥሪት ያጠፋ ስለ ሆነ፥ በዚያ አካባቢ ዋጋ ሲከራከሩ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ምን አለሽ ተራንም እንግዳው ሳያይ አይመለስ፤ ከየቤቱ የተጣለው ቆርቆሮና ብረት በዚያ ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል።

ስለ ምግብ ብዙ መጨነቅ የለም። ማለዳ ለመጣ ሰው በትኩስ ዳቦ የሚበላ ፉል፥ ከዚያም ሳምቡሳና ቅመም የገባበት ሻይ ይበቃዋል፤ ፈጢራ የሚወድም አያጣም። ለምሳ ግን ጋባዡ አስቀድሞ ይጠይቅ። የሥጋ ቤቶቹ በመስቀልና በጨረቃ ምልክት የተለዩ ናቸው፤ የእንግዳውን ሃይማኖት ሳይጠይቁ ወንበር ስቦ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያሳፍራል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመው በያይነቱና ሽሮ በየቤቱ አለ። ወንበሩ ጠባብ፥ ድምፁም ብዙ ነው፤ ይህን የማይታገሥ ባላባት ምሳውን በቤቱ ይብላ።

ምሽቱን በሚመለከት፥ መርካቶ የቀን ከተማ ነው። ቀድሞ ሲኒማ ራስ፥ ኋላም ራስ ቴአትር የተባለው ቤት ለሰፈሩ ሰው የምሽት መዝናኛው ነበር። ቴአትር የሚሻ ዛሬ ወደ ፒያሳ ወጥቶ፥ በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበር ስም የሚጠራውን ሀገር ፍቅርን ይጠይቅ። በረመዳን ወር ግን ከዚህ መሄድ አያስፈልግም። ፀሐይ ስትጠልቅ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ቴምሩና ሳምቡሳው ይቀርባል፤ አጠገቡ ካለው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄደውም ለልጆቹ ከዚያው ይገዛል። ከዚያ በኋላ መዝጊያው ይወርዳል፥ ቁልፉ ይቆለፋል፤ የቀረው ሌሊት የጫኝና የአውራጅ ነው።