«ሩጫ» ግስ ነው ወይስ ስም?

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እኔም የቃላት ክፍሎችን ሳስተምር የደረሰብኝን ምሳሌ አድርጌ ልነሳ።

በማስተማር ልምምድ ወቅት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን «ግስ ማለት ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» እያልኩ በቃል አስጠናኋቸው። ከዚያም መልመጃ ሰጠሁ። አንዲት ልጅ «ሩጫ»ን ከስም ተርታ ብትጽፈው በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩባት። «ቲቸር፣ ሩጫዎች ይባል የለም እንዴ?» አለችኝ። «መሮጥ ድርጊት አይደለም ወይ?» ብዬ አስቀመጥኳት። ማታ ሳስበው ግን ትክክሏ እሷ፣ ስሕተተኛው እኔ ነበርኩ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ትርጓሜው የቃሉን ፍቺ ብቻ ስለሚያይ ነው። ሩጫ፣ ጉዞ፣ ጨዋታ ድርጊትን ያመለክታሉ፤ ሆኖም ስሞች ናቸው። የቃል ክፍል በቅርጹና በዓረፍተ ነገር ውስጥ በሚይዘው ቦታ ጭምር ይለያል። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ደግሞ ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ስለዚህ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ትርጓሜ ከመጻፍ በፊት በተራ እንዲህ እንጠይቀው፦

አንደኛ፣ ቃሉ ከእኔ፣ ከእሷና ከእነሱ ጋር ይለዋወጣል? ሮጥኩ፣ ሮጠች፣ ሮጡ ይባላል፤ ስለዚህ ግስ ነው። «እሷ ሩጫች» ብንል ግን ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

ሁለተኛ፣ ከፊቱ «በጣም»፣ ከኋላው ስም ይቀበላል? «በጣም ረጅም ዛፍ» ይባላል፤ «ረጅም» ቅጽል ነው። «በጣም ወንበር» የሚል ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም እምቢ ብሎ «ኦች»ን ከተቀበለ ስም ነው፤ ወንበሮች፣ ሩጫዎች። የሰውና የአገር መጠሪያዎች ኦችን ስለማይወዱ ለብቻቸው ይነገሩ። «ቶሎ መጣ»፣ «ክፉኛ ታመመ» በሚሉት ውስጥ ያሉት ተውሳከ ግሶችም ቆየት ብለው ይምጡ።

ቁጥሩን ማስሸምደድም አያስፈልግም። የቀድሞ መጻሕፍት ስምንት የንግግር ክፍሎች ይቆጥሩ ነበር፤ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባወጡት «የአማርኛ ሰዋስው» ውስጥ ግን አምስት ናቸው፦ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ። ሊቃውንት ያልተስማሙበትን ቁጥር ሕፃን በቃሉ ቢወጣው ምን ይጠቅመዋል?

በማግሥቱ ኤክሱን ሰርዤ፣ በክፍሉ ፊት «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ወንድሞቼና እህቶቼ እጩ መምህራን፣ ልጅ የሚያውቀውን ቋንቋ ቀድመን እናዳምጥ፤ ስሙን ከዚያ በኋላ እንስጠው።