ኮርቻው ላይ የማንናገረው ሕመም

ብስክሌት የምትነዳ ሴት ብሽሽቷ ሲቆስል ለማንም አትናገርም፤ ብስክሌቱን ግን ትተወዋለች። ከሜጋ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ደግሞ ፀሐይ፣ ላብና አቧራ ይጨመራሉ።

ብዙዎቻችን ለንጽሕና ብለን ፀጉሩን በምላጭ ሙልጭ አድርገን እናነሳለን። ይህ ግን ቁስሉን ያባብሳል። ከ2008ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ በፊት የብሪታንያ ሴት ብስክሌተኞች በኮርቻ ቁስል ሲቸገሩ፣ ሐኪሞቻቸው መላጨትም በሰም መንቀልም እንዲያቆሙ መከሯቸው። ፀጉሩ ቆዳን ከፍትጊያ ይጠብቃልና።

ከረዘመብሽ በመቀስ አሳጥሪው። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከለበስሽ ከሥሩ ፓንት አትደርቢ። እንደደረስሽ በአንድ ጆግ ውኃም ቢሆን ታጥበሽ ደረቅ ልብስ ቀይሪ። እብጠቱ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰሽ፣ ሳትሸማቀቂ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የብሽሽት ቁስልም እንደማንኛውም ቁስል ይታከማል።