ዝናብ የመታው ዋት

የአሶሳ ክረምት ረጅም ነው። ዝናቡ ግንቦት ላይ አንዴ ከጠና እስከ ጥቅምት አይለቅም። ጠዋት በጠራ ሰማይ የባምባሲን መንገድ የያዘ ብስክሌተኛ ሲመለስ ከላይ ዶፍ፣ ከሥር ቀይ ጭቃ ሊጠብቀው ይችላል። ልብሱን ቀይሮ ትኩስ ሻይ ሲይዝ ዝናቡን ይረሳዋል። ብስክሌቱ ላይ ፓወር ሜትር ካለ ግን ዝናቡ ከቁጥሩ ጋር ተመዝግቦ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ቁጥሩን አበላሽቶ።

ፓወር ሜትር ብስክሌተኛው ፔዳል ሲረግጥ በየሰከንዱ የሚያወጣውን ኃይል በዋት የሚናገር መሣሪያ ነው። ፍጥነት ስለ ጉልበት ብዙ አይነግረንም፤ ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ሰነፉም ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ጎበዙም ያዘግማል። የልብ ምትንም ሙቀት፣ ቡናና እንቅልፍ ማጣት ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። 200 ዋት ግን ዳገት ላይም ሜዳ ላይም ያው 200 ዋት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡሊ ሾበረር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ኤስአርኤም የተባለውን መሣሪያ ይዞ ብቅ ካለ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ፣ ዛሬ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ያለ ዋት ልምምድ የሚያወጣ አሠልጣኝ ማግኘት ይከብዳል።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ስፖርት አይደለም። አገሪቱ መጀመሪያ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ ሲወዳደሩ የጉልበታቸው መለኪያ የራሳቸው ትንፋሽ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድንን ማሊያ ለብሶ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ስፖርቱ ዋት በሚቆጥሩ ሰዎች እጅ ገብቶ ነበር።

ፓወር ሜትር የሚሠራው ስትሬን ጌጅ በሚባል ከጥፍር በማይበልጥ ስስ ብረት ነው። ይህ ብረት ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ክራንክ በሚባለው የፔዳል ክንድ ላይ ነው። እግር ሲረግጥ ክንዱ ዓይን በማያየው መጠን ይታጠፋል፤ የተለጠፈው ብረትም አብሮ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ኤሌክትሪክን የመከላከል መጠኑ በጣም በጥቂቱ ይጨምራል። መሣሪያው ይህችን ለውጥ ወደ ጠምዛዥ ኃይል ይመነዝርና በፔዳሉ የመዞር ፍጥነት ያባዛዋል፤ ውጤቱ ዋት ነው። የሱቁ ዲጂታል ሚዛንም ጤፉን የሚመዝነው በዚሁ ስልት ነው። ከአሶሳ ጋር በአንድ ክልል፣ ጉባ ላይ እንደቆመው የሕዳሴ ግድብ ያሉ ትልልቅ የኮንክሪት ግድቦችም ደኅንነታቸው የሚታየው ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደተጨመቀና እንደተለጠጠ በሚለኩ መሣሪያዎች ነው፤ የመሣሪያዎቹ አሠራር ቢለያይም የሚለካው ነገር አንድ ነው።

ዝናብ ፓወር ሜትሩ ውስጥ የሚገባው በብዙ በር ነው። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በላስቲክ ማሸጊያው ሥር ሾልኮ ስትሬን ጌጁ አጠገብ የደረሰ ጠል ኤሌክትሪኩ የሚያፈተልክበት ቀጭን መንገድ ይከፍታል፤ መሣሪያው ይህን ማፈትለክ እንደ እግር ጫና ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። በ28 ዲግሪ ሙቀት ተስተካክሎ የወጣ ክራንክ በዶፍ ወደ 18 ሲወርድ ብረቱ ይኮማተራል፤ ማንም ሳይረግጠው ዜሮ የነበረው ዜሮ መሆኑ ይቀራል። ጥሩ መሣሪያዎች ለሙቀት ማካካሻ አላቸው፤ ድንገተኛ ለውጥ ግን ይቀድማቸዋል። ባትሪው የሚነካበት ቦታ ሲረጥብና ሲዝግ ደግሞ ኃይል ይቆራረጣል። መልእክቱ ከክራንኩ ወደ መሪው ኮምፒውተር የሚጓዝበትን የሬዲዮ ሞገድም ውሃ ይመጥጠዋል።

ከዚህ የሚወለዱት ስህተቶች እኩል አይጎዱም። ክፍተት አለ፦ ለጥቂት ሰከንድ ቁጥር ይጠፋል። ዝላይ አለ፦ በ180 ዋት የሚሄድ ሰው በድንገት 2,500 ይመዘገብለታል። ብስክሌተኛውን የሚያስደነግጠው ይህ ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰከንድ የታየ 2,500 ዋት የአንድ ሰዓትን አማካይ ከፍ የሚያደርገው ከአንድ ዋት ባነሰ ነው። የሚያበላሸው የአጭር ጊዜ ክብረ ወሰንን ነው፤ እሱም ሲያዩት ስለሚታወቅ ማንም አያምነውም።

ክፉው ድምፅ የሌለው ነው። ዜሮው በ2 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ኃይል ብቻ ቢንሸራተት፣ በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል ለሚያዞር ሰው በእያንዳንዱ ሰከንድ 19 ዋት ያህል ይጨመርለታል። 180 የነበረው 199 ይሆናል። በግራ ክንድ ብቻ ለክተው ያገኙትን በሁለት የሚያባዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ስህተቱም በሁለት ይባዛል። መስመሩ ሲታይ ለስላሳ ነው፣ የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ባለቤቱም ጎበዝኩ ብሎ ይደሰታል። ከዚያ በዚህ ቁጥር የቀጣዩን ወር ልምምድ ያወጣል፤ ቀላል መሆን ያለበት ቀን ይከብድበታል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ ምክንያቱንም አያውቀውም።

ስለዚህ ዝናብ የመታውን ቁጥር ከሌላ ነገር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ዳገት ጥሩ ዳኛ ነው። ሰውየው ከነብስክሌቱ 70 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከፍታው 100 ሜትር የሆነ ዳገት በ8 ደቂቃ ከወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 143 ዋት ያስፈልገዋል። በ5 በመቶ ዳገት ላይ ለጎማና ለአየር 30 ዋት ቢጨመር 170 አካባቢ ይመጣል። መሣሪያው 210 ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የዳገቱን ከፍታ ግን ከካርታ መውሰድ ይበጃል፤ ኮምፒውተሩ ከፍታ የሚለካው በአየር ግፊት ከሆነ ቀዳዳው በውሃ ሲደፈን እሱም ይሳሳታል። በደረቅ ቀን በዚያው ዳገት ላይ የተመዘገበ ሰዓትና የልብ ምት ካለ ማነጻጸሩ ይበልጥ ይቀላል።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ የዜሮ ንባብ ነው። ከመውጣት በፊት ብስክሌቱን ደጅ አቁሞ ከአየሩ ጋር እስኪስማማ መጠበቅ፣ ከዚያ መመሪያው በሚያዘው መንገድ ዜሮ ማድረግና የወጣውን ቁጥር መጻፍ፤ ሲመለሱም ብስክሌቱን ወደ ቤት ከማስገባት በፊት እንደገና ማንበብ። ሁለቱ ከተቀራረቡ መዝገቡ ይታመናል። ከተራራቁ ዝናቡ የጀመረበትን ደቂቃ መፈለግ ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ሙቀትንም ስለሚመዘግቡ መስመሩ ቁልቁል የወረደበት ቦታ ያሳብቃል። ጎልደን ቺታ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዝላዮችን የሚያርም፣ ክፍተቶችን የሚሞላ፣ የተንሸራተተውን በኒውተን ሜትር አስገብቶ ዋቱን እንደገና የሚያሰላ መሣሪያ አለው። የመጀመሪያውን ፋይል ግን ሳይነኩ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ከእርማት ጥንቃቄ ይቀድማል። አይፒኤክስ7 የሚል ምልክት ያለው መሣሪያ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው፤ ስለ ላቫጆ ውሃ ግፊት ምንም አይልም። ጭቃውን በባልዲ ውሃና በጨርቅ ማጠብ ይበቃል። ከዝናብ በኋላ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት፣ ቦታውን ማድረቅ፣ ኦሪንግ የሚባለው የክዳኑ የላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቆ ከሆነ መቀየር። ሩዝ ውስጥ መቅበር ዱቄት ከማስገባት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሻላሉ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን የስትሬን ጌጁን ማጣበቂያ ሊያላቅቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ አሁንም ካጠራጠረ የዋቱን መዝገብ መሰረዝና ሰዓቱን፣ ርቀቱንና የልብ ምቱን ማስቀረት ነው። የጎደለ ቁጥር የአንድ ቀን ልምምድን ታሪክ ያሳጣል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን የሚቀጥለውን ወር ልምምድ ያበላሻል።